ለጎልፍ ኳስ የትኛው ማርከር? ወደ ሱቁ ኳስዎን በኪስዎ ይዘው ይግቡ

ጥያቄው፦ «ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። እሑድ እሑድ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጎልፍ እንጫወታለን። አራታችንም አንድ ዓይነት ኳስ ነው የምንገዛው፤ ብዙ ጊዜም 1 ቁጥር ያለበትን። ከፒያሳ የገዛሁት ማርከር ሱቁ ውስጥ ወረቀት ላይ ሲሞከር ቁልጭ ብሎ ይጽፋል፤ ኳሱ ላይ ግን እርጥብ ሣር ከነካው ሁለት ቀዳዳ ሳልጨርስ ይለቃል። ምልክቴ የስሜ መጀመሪያ “ተ” ነው፤ ችግሩ የሁለቱ ባልደረቦቼ ስምም በ“ተ” ይጀምራል። ባለፈው እኔ የአንደኛውን፣ እሱ የእኔን ኳስ መትተን ተገኘን። ምን ዓይነት ብዕር ልግዛ? ምን ምልክትስ ላድርግ?»

ምላሽ፦

እርስዎም ባለሱቁም አላጠፋችሁም። ያሳሳታችሁ ወረቀቱ ነው። ወረቀት ጠጪ ነው፤ የሰጡትን ቀለም ሁሉ በቃጫው መካከል መጥጦ ይይዛል። ስለዚህ ወረቀት ላይ መጥፎ የሚባል ማርከር የለም ማለት ይቻላል። የጎልፍ ኳስ ግን ጠብታም አይጠጣም። ውጫዊ ሽፋኑ ወይ ሰርሊን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ወይ ደግሞ ውድ በሆኑት ኳሶች ላይ ለስለስ ያለው ዩሬቴን ነው፤ በላዩም ስስ ብርሃን አስተላላፊ ቫርኒሽ ተቀብቷል። እርስዎ የሚጽፉት በዚያ ቫርኒሽ ላይ ነው። ቀለሙ የሚሰምጥበት ቦታ ስለሌለው በራሱ ሙጫ ተጣብቆ መቅረት አለበት። የብዕር ምርጫው ነገር ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ ይመነጫል፦ ሙጫ ያለው ቀለም ይቆያል፣ የሌለው ይታጠባል።

የማይሆኑትን አስቀድመን እናውጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነውና። ተራው እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ያለችው ደቃቅ ኳስ እንድትሽከረከር የሚቆነጥጣት ገጽ ትፈልጋለች፤ በለሰለሰ ኳስ ላይ ግን ትንሸራተታለች። ቢጽፍ እንኳ ቀለሙ ዘይት አዘል ስለሆነ ፕላስቲክ ላይ አይደርቅም፤ ማታ የጻፉት ጠዋት አውራ ጣትዎ ላይ ይገኛል። ጄል እስክሪብቶ ውኃ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንደ ጤዛ ተንጠባጥቦ ይሰበሰባል። ሃይላይተርም እንደዚያው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የዋይትቦርድ ማርከር ነው። መልኩ፣ ክዳኑ፣ ሽታው ሳይቀር ከማይለቀው፣ ፐርማነንት ከሚባለው ማርከር ጋር ይመሳሰላል፤ ሱቆችም ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ነገር ግን ሥራው መጥፋት ነው፤ ቀለሙ ገጹን እንዳይጨብጥ የሚያላቅቅ ነገር ሆን ተብሎ ተጨምሮበታል። ሁለት ቀዳዳ ሳይቆይ የለቀቀብዎት የዚህ ዘር እንደሆነ በጣም እጠረጥራለሁ። አካሉን ያንብቡ፦ «ዋይትቦርድ» ወይም «ድራይ ኢሬዝ» የሚል ካለ ለስብሰባ አዳራሹ ይተዉት።

ኩቲክስ የሚቀቡም አሉ። ያምራል፣ ይደርቃል፣ ግን ወፍራም ቆዳ ሆኖ ስለሚቀመጥ ዱላው ሲያርፍበት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ተነቅንቆ የሚጻፍበት የቀለም ማርከርም ያንኑ ጠባይ ይጋራል፤ በስሱ ነጥብ ብቻ ካደረጉበት ይቆያል፣ ፊደል ከጻፉበት ግን ይሰነጠቃል። በቢላ መጫር ወይም በጋለ ሚስማር መተኮስን ፈጽሞ አያስቡት። የጎልፍ ሕግ 4.2 ጠባዩ ሆን ተብሎ በተቀየረ ኳስ መምታትን ከውድድር በማስወጣት ይቀጣል፤ መጫርና ማሞቅም በምሳሌነት የተጠቀሱት እዚያው ነው።

የሚሆነው እንግዲህ አልኮል ላይ የተመሠረተ ፐርማነንት ማርከር ነው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ፦ ማቅለሚያው፣ ሙጫው፣ ሁለቱን አሟሙቶ የያዘው አልኮል። ኳሱ ላይ ሲያርፍ አልኮሉ ይተናል፤ ሙጫው ማቅለሚያውን አቅፎ ቫርኒሹ ላይ ይቀራል። ክዳኑን ሲከፍቱ የሚሸትዎ አልኮሉ ነው። ምንም የማይሸት ማርከር ውኃ ነው ብለው ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም።

ቀጥሎ የጫፉ ውፍረት ነው፤ ለኳስ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል። ከ0.4 የቀጠነው ቆሞ ሲያዩት አይታይም፤ ጫፉም በኳሱ ጎድጓዳዎች ጠርዝ ላይ እየተነካከሰ ቶሎ ይሰበራል። ከ1.5 የወፈረው ደግሞ ፊደሉን ሞልቶ ወደ እድፍ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ የስም ወጥመድ አለ። ሻርፒ ላይ «ፋይን» የተባለው በእጅ ሲጽፉበት ወደ 1 ሚሊ የሚጠጋ ነው፤ ቀጭኑ «አልትራ ፋይን» ነው። ስቴድለር ሉሞከለር ደግሞ በፊደል ይለያል፦ «ኤስ» 0.4፣ «ኤፍ» 0.6፣ «ኤም» 1 ሚሊ፣ «ቢ» ጠፍጣፋውና ሰፊው ነው። ለእርስዎ የምመርጠው ለፊደል «ኤፍ»፣ ለነጥብ «ኤም» ነው። ሲገዙም «ፐርማነንት» የሚለውን ቃል አብረው ይፈልጉ፤ ሉሞከለር በውኃ የሚለቅ ወንድምም አለውና። አርትላይን፣ ፓይለትና ኤዲንግም በዚሁ መስፈርት ይታያሉ። ከምርቱ ስም ይልቅ አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመኑ።

እርስዎ አራት ኪሎ ስለሆኑ ብዙ መሄድ አያስፈልግዎትም። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ስላለ ስቴሽነሪ አይጠፋበትም፤ ወደ ፒያሳ ቢያልፉ፣ ከዚያም ቸርችል ጎዳናን ይዘው ወደ ለገሃር ቢወርዱ አማራጭ አለ። በጅምላ ከሆነ መርካቶ ነው፤ ግን አንድ ማርከር ለመግዛት መርካቶ መግባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ አራት ሆናችሁ ደርዘን ካልገዛችሁ አልመክርም።

የትም ይግዙ የት፣ አንድ አሮጌ ኳስ ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይግቡ። ባለሱቁ የሙከራ ወረቀቱን ሲዘረጋልዎት በትሕትና ኳሱን ያውጡ። መጀመሪያ ሊገረም ይችላል፤ ሦስተኛውን ማርከር ሲሞክሩ ግን እሱም ውጤቱን ለማየት ጎንበስ ይላል። ሙከራው እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ማርከር 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጭረት ያድርጉ። 30 ሴኮንድ ይቁጠሩ። በደረቅ አውራ ጣት አንድ ጊዜ ጫን ብለው ይሳቡት፤ ጅራት ካወጣ ይመልሱት። ካላወጣ ሶፍት በውኃ ነክረው 10 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይሹት። ሶፍቱ ላይ ቀለም ከታየ ይህ ማርከር የኳስ አይደለም። ሁለቱንም ካለፈ ጭረቱን ከቅርብ ያጤኑት፦ ጠርዙ እንደ ሣር ሥር የተበታተነ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? የሚበታተነው ቀለሙ በጣም ሲቀጥን ወይም ኳሱ የደብዛዛ ገጽ ዓይነት ሲሆን ነው። እነዚያ የማያብረቀርቁት ኳሶች ገጻቸው ሸካራ ስለሆነ ቀለሙ በሸካራው ውስጥ እየሰረገ ይሄዳል፤ እንደዚህ ያለውን የሚጫወቱ ከሆነ ፊደሉን ትተው ነጥብ ብቻ ያድርጉ።

ሙከራውን በራስዎ የኳስ ዓይነት ላይ ማድረግ ግዴታ ነው። በሰርሊን ላይ ያማረ ማርከር በዩሬቴን ኳስ ቫርኒሽ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ጓደኛዎ የሰጠዎት ምክር እውነት ሆኖ ሳለ ለእርስዎ የማይሠራው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዕሩ ጥሩ ሆኖ ምልክቱ ካልተለየ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ሕጉ ኳስ ላይ መለያ ማድረግን አያስገድድም፤ ግን ይመክራል። ምክሩን መተው ምን እንደሚያስከፍል ባለፈው እሑድ አይተውታል፦ ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት በስትሮክ ውድድር የሰው ኳስ መምታት የ2 ምት ቅጣት ነው፤ ቀጣዩን ቀዳዳ ከመጀመርዎ በፊት ተመልሰው ካላስተካከሉ ደግሞ ከውድድር ያስወጣል። አንድ ለአንድ በሚደረገው ግጥሚያ ያን ቀዳዳ ያስሸንፍዎታል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ኳሶች ራፍ ውስጥ፣ ማለትም ሣሩ በረዘመበት የሜዳው ዳር፣ አጠገብ ለአጠገብ ተኝተው የትኛው የማን እንደሆነ ሁለታችሁም መለየት ካልቻላችሁ፣ ሁለቱም እንደ ጠፉ ይቆጠራሉ። ኳሶቹ ዓይናችሁ ሥር እያሉ ሁለታችሁም 1 ምት ተቀጥታችሁ ቀድሞ ወደመታችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ። የጥቂት ሚሊ ግራም ቀለም ጉዳይ ነው።

የእናንተን ችግር ግማሹን ያለ ብዕር መፍታት ይቻላል። ኳስ ሲሸጥ ሦስት ሦስት ሆኖ በትናንሽ ጥቅል ነው፤ በአንድ ጥቅል ያሉት ሦስቱም አንድ ቁጥር አላቸው። 12 ኳስ የሚይዘው ካርቶን ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ያላቸው አራት ጥቅሎች ይገኛሉ። እናንተ አራት ናችሁ! አንድ ካርቶን አዋጥታችሁ ግዙና አንድ አንድ ጥቅል ተከፋፈሉ። 1 ቁጥርን ማን ይውሰድ የሚለውን በዕጣ ጨርሱት። እንዲህ ሲሆን እርስ በርሳችሁ የምትለዩት በቁጥሩ ነው፤ ብዕሩ የሚያስፈልጋችሁ ከሌላው ተጫዋችና ትናንት ከጠፋው ኳስ ለመለየት ብቻ ይሆናል።

ፊደልን በተመለከተ፣ ኳስ ራስጌና ግርጌ የለውም። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲገለበጥ ሌላ ፊደል ይሆናል። «ሀ»ን ገልብጡት፤ «በ» ይሆናል። «ሠ» ሲገለበጥ «ሐ»ን ይመስላል። «ለ» ተገልብጦ ወደ «ሀ» ይጠጋል። የእርስዎ «ተ» በማንኛውም አቅጣጫ መስቀለኛ ነው፤ መስቀለኛ ምልክት ደግሞ የመደመር ምልክት የሚያደርጉት ተጫዋቾች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ሦስታችሁ «ተ»፣ «ታ» እና «ት» ብላችሁ ብትለያዩም ልዩነቱ በእግርና በወገብ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ መረሬ አፈር ሲያርፍባት አትታይም። «ጠ»ና «ጨ»ን የመሰሉት እግራቸው ስለሚበዛ በ1 ሚሊ ማርከር 5 ሚሊ ቁመት ላይ ሲጻፉ ወደ አንድ ጥቁር ነገር ይለወጣሉ። ፊደል ግድ ከሆነ ከሥሩ መስመር ያሥምሩ፤ ግርጌው የቱ እንደሆነ መስመሩ ይነግራል። ቁመቱን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ያድርጉት።

የግእዝ ቁጥር ደስ የሚል ምርጫ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ካለ ሰው ኳስ ጋር በጭራሽ አይምታታም፤ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞችም እንደ ተዘጋጀ ማኅተም ናቸው። ጥንቃቄው ፮ እና ፯ ላይ ነው፤ ትንሽ ሲደበዝዙ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ፩ እና ፲ ግን በቀላሉ ይጻፋሉ።

ከሁሉም የምመርጥልዎት ግን ነጥብ ነው። ነጥብ ሲገለበጥም ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ፣ እነዚህን የምናውቃቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ዓይናችን ሳያስብ ይለያቸዋል። ለአንዱ «ተ» ሁለት ነጥብ፣ ለሌላው አራት ነጥብ፣ ለሦስተኛው በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ነጥቦች ብትከፋፈሉ ጭቃ ውስጥም አትጣሉም።

ነጥብ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት የኳሱ ገጽ ነው። ኳሱ ላይ ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ጎድጓዳ ክቦች፣ ዲምፕል የሚባሉት፣ አሉ። የአንዱ ስፋት 3 ወይም 4 ሚሊ፣ ጥልቀቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙን ቶሎ የሚበላው አሸዋ፣ የዱላው ፊትና የቦርሳ ውስጥ ግጭት ነው፤ እነዚህ ቀድመው የሚያገኙት ከፍ ያለውን ጠርዝ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠ ነጥብ ከለላ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ ዲምፕል መሐል ያስቀምጡ፤ ዲምፕሉን ሙሉ በሙሉ አይሙሉት፣ ግማሹን ቢሸፍን ይበቃል። አራት ነጥብ ማለት አራት ጎረቤት ዲምፕሎች ማለት ነው።

ምልክቱ የት ይሁን? በአንድ ቦታ ብቻ አይሁን። ኳሱ ፌርዌይ ላይ፣ ማለትም ሣሩ በታጨደው የሜዳው መሐል፣ ሲቆም የትኛው ጎኑ ወደ ሰማይ እንደሚዞር አይታወቅም። ምልክቱ ከሥር ከሆነ ለማየት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ለማንሳት ደግሞ መጀመሪያ ቦታውን ምልክት ማድረግ፣ ካነሱም በኋላ ለመለየት ከሚያስፈልገው በላይ አለመጥረግ ግዴታ ነው። ከሁለቱ አንዱን ከረሱ 1 ምት ይቀጣሉ። ስለዚህ ከታተመው ቁጥር አጠገብ አንድ፣ በትክክል ከኳሱ ጀርባ አንድ፣ ጊዜ ካለዎት በወገቡ ላይ ሦስተኛ ያድርጉ። ግቡ ይህ ነው፦ ቆመው፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት፣ ሳይነኩት «ይሄ የእኔ ነው» ማለት። ለፍለጋ የሚሰጠው ጊዜም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድሮ 5 ነበር። ያቺን ጊዜ ኳስ እያገላበጡ አይጨርሷት።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ኳሱ አዲስም ቢሆን የእጅ ወዝ አለበት፤ ወዝ ላይ የተጻፈ ቀለም ከወዙ ጋር ይሄዳል። የተጫወቱበትን ኳስ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክረው የሚጽፉበትን ቦታ ይጥረጉና አንድ ደቂቃ ይተዉት። ሳኒታይዘር አይጠቀሙ፤ ጄል ስለሆነ ራሱ ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ያን ቦታ በጣት አይንኩ።

ኳሱ እንዳይንከባለል የሃይላንድ ክዳን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ኳሱን አፉ ላይ ያሳርፉት፤ ልክ እንደ ዙፋን ይይዘዋል። የቡና ሲኒም ይሆናል፤ ግን ሲኒው ይሰፋና ኳሱ ጠልቆ ይገባል፣ በወገቡ ላይ ለመጻፍ አይመችም። ማርከሩን ቀጥ አድርገው ከላይ ወደ ታች ይያዙት። ጫፉን ጎን ለጎን አይጎትቱ፣ አይጫኑም፤ በክብ ገጽ ላይ ሲጫኑት የሰፍነጉ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ይጠፈጠፋል፣ 0.6 የነበረው በሳምንቱ 1.5 ይሆናል። ለነጥብ፦ ያስነኩ፣ አንድ ይቁጠሩ፣ ያንሱ። ለፊደል፦ እጅዎን ሳይሆን ኳሱን ያዙሩ። በአንድ ጭረት ላይ ሁለቴ አይመላለሱ፤ ሁለተኛው ዙር ያለው አልኮል ሳይደርቅ የቀረውን የመጀመሪያውን ዙር አሟሙቶ ያነሳዋል። ጠቆር እንዲል ከፈለጉ 5 ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ።

ሲነኩት በደቂቃ ውስጥ የደረቀ ይመስላል። ሙጫው ግን ገና ነው። ቅዳሜ ማታ ጽፈው እሑድ ጠዋት ይጫወቱበት። መኪና ውስጥ፣ ወደ ሜዳ እየሄዱ የተጻፈ ምልክት ነው ሁለት ቀዳዳ ሳይቆይ የሚጠፋው። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ መተው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቀለሙ ዓይነት አጭር ነኝ። በነጭ ኳስ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ። በቢጫ ላይ ጥቁር ብቻ። አረንጓዴ ምልክት ከሣር ጭማቂ እድፍ አይለይም፤ ቡናማ ከአፈር አይለይም። ቀይ አዲስ ሲሆን እጅግ ያምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከጥቁር ቀድሞ በፀሐይ ይደበዝዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መስኮት ላይ የተቀመጠ ኳስ እዚህ ቶሎ ይነጣል። ቀይን ካፈቀሩ ከአራቱ ነጥብ አንዷን ብቻ ቀይ ያድርጉ፤ ብትደበዝዝም ሦስቱ ይቀራሉ፣ እስክትደበዝዝ ድረስ ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ኳስ ሜዳው ላይ አይኖርም።

ለፓት፣ ማለትም ኳሱን ወደ ቀዳዳው ለሚያንከባልሉበት ምት፣ የሚያገለግል ቀጥተኛ መስመር ማስመር ከፈለጉም ይፈቀዳል። ግን በጠርሙስ ክዳን ጠርዝ አያስምሩ፤ ክዳኑ ከኳሱ ስለሚያንስ የሚወጣው መስመር ሲያዩት የታጠፈ ነው። ኳሱ ቢያንስ 42.67 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ዙሪያው 134 ሚሊ ይሆናል። 5 ሚሊ ስፋት፣ 134 ሚሊ ርዝመት ያላት ወረቀት ቆርጠው ኳሱ ላይ ይጠምጥሟት፤ ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ ከተገናኙ ወረቀቷ በትክክል በወገቡ ላይ ናት ማለት ነው። ከተደራረበች ወደ አንዱ ጎን ተንሸራታለች። በፕላስተር ያሲዟትና ጠርዟን ተከትለው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስምሩ። የወረቀቷ ጠርዝ ከመሐል 2.5 ሚሊ ይርቃል፤ ለዓይን ቀጥ ያለ ነው። ወረቀቷን ቀለሙ ሳይደርቅ አይንቀሏት።

ማርከሩን በአግድሞሽ ያስቀምጡት፤ ጫፉ ወደ ላይ ከቆመ ይደርቃል፣ ወደ ታች ከቆመ ቀለም ያጠራቅማል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ማርከር አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ውስጡ የታመቀው አየር ቀለሙን ሊገፋው ይችላል፤ አዲሱን መጀመሪያ ሲከፍቱ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው በሶፍት ላይ ይሁን፣ ነጭ ሸሚዝ ከለበሱ ደግሞ ከደረትዎ አርቀው። ጫፉ የደረቀውን ቶሎ አይጣሉ፤ አልኮል የነካው ጥጥ ላይ ለ10 ሴኮንድ ቢያሳርፉት ብዙ ጊዜ ይነሳል።

የቆየ ምልክት ለማጥፋት አልኮልና ጥጥ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሹት። የኩቲክስ ማስለቀቂያ ግን አሴቶን ስላለበት ቫርኒሹንም ይዞ ይሄዳል፤ ኳሱ ደብዝዞ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚጻፍበትም ይበታተናል። ራፍ ውስጥ ያገኙትን የሰው ኳስ የራስዎ ለማድረግ ከፈለጉ የድሮውን ምልክት ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ በሰው ሁለት ነጥብ ላይ የራስዎን ሁለት ጨምረው አራት ነጥብ ማድረግ አንድ ቀን ከባለቤቱ ጋር ያከራክራል።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው ቲ፣ ማለትም የመነሻው መምቻ ቦታ፣ ላይ አራታችሁም የኳሱን ስም፣ ቁጥሩንና ምልክቱን ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ቦርሳ የሚይዙላችሁ ካዲዎቹም ይስሙ፣ ብዙ ጊዜ ኳሱን ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸውና። ምልክቱ መሐል ላይ ከደበዘዘ ቀዳዳውን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሲሄዱ በደረቀው ኳስ ላይ ነጥቦቹን ያድሱ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ከጻፉባቸው ከሦስቱ ሌላውን ያውጡ። ማርከሩ ከቦርሳው የጎን ኪስ አይለይ፤ ላበደሩት ሰው ክዳኑን በእጅዎ ይዘው ይጠብቁት፣ ያለዚያ ሁለቱም አይመለሱም።